የዓመቱ ዘፈን በማን ዓመት? የተወዳጅ ዘፈን ምርጫ ከመተማ ቆላ ሲታይ

1. መግቢያ

የዓመቱን ምርጥ ዘፈን መምረጥ በአገራችን እንደ ሂስ ሥራ ሲቆጠር አይታይም። ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ያሰባስባል፤ አድማጭ በስልኩ መልእክት ይልካል፤ ሽልማት ይሰጣል፤ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ደግሞ ነገሩን የመዝናኛ ወሬ አድርገን ስለምናየው ሐሳብ ስንሰጥበት አይሰማም። ይሁን እንጂ ምርጫ በመሠረቱ ሂሳዊ ተግባር ነው። ከብዙ አንዱን ለይቶ «ይህ ይበልጣል» የሚል ሰው፣ ቢገልጸውም ባይገልጸውም፣ መመዘኛ አለው። መመዘኛ ካለ ደግሞ ያ መመዘኛ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስቀር መጠየቅ የሙያችን ድርሻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ሲሆን፣ ጥያቄውን የማነሣው ከመተማና ከአካባቢው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ተነሥቼ ነው። ቦታውን የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ነው፤ በዚያ ምድር የዘፈን ዓመት በሬዲዮ ከሚታወጀው ዓመት ጋር አይገጥምም። ይህ አለመግጠም በዝርዝሮቻችን ውስጥ የተሸሸጉትን ግምቶች ፍንትው አድርጎ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻም የራሴን ምርጫ አቀርባለሁ፤ መመዘኛን የሚተች ሰው ራሱ ሳይመርጥ ቢቀር ክርክሩ ግማሽ ይሆናልና።

2. የምርጫው ልማድና ሦስት ስውር ቅድመ ሁኔታዎች

የዓመቱን ዘፈን የመምረጥ ልማድ በሌላው ዓለም ሁለት መልክ ይዞ አድጓል። አንደኛው የአድማጭ ምርጫ ነው። ጆን ፒል የተባለው የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አድማጮቹ የመረጧቸውን ሃምሳ ዘፈኖች በዓመቱ መጨረሻ ያሰማ ነበር። ሁለተኛው የኀያስያን ምርጫ ነው። በኒውዮርክ ይታተም የነበረው ቪሌጅ ቮይስ የተባለ ጋዜጣ ከ1971 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሙዚቃ ጸሐፊዎችን ድምፅ እየሰበሰበ ያወጣ ነበር። በዚህ ላይ የግራሚ ሽልማት ከመጀመሪያው ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓመቱን ቅጂና የዓመቱን ዘፈን ለያይቶ እንደሚሸልም ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ለድምፃዊውና ለቀረጻው የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለግጥሙና ለዜማው ደራሲ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ቁም ነገር አለው።

በአገራችን ከሚታወቁት መካከል በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ይቀርብ የነበረው የለዛ የአድማጮች ምርጫ ሽልማት ተጠቃሽ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የካሴት ዘመን የራሱ የምርጫ ወቅት ነበረው። አሳታሚዎች አዲስ ካሴት የሚያወጡት በአብዛኛው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ስለነበር፣ በየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ዘፈን ያለ ዳኛ የበዓሉ ተመራጭ ይሆን ነበር። ዛሬ ያንን በር የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር ተክቶታል።

የዳኛው ማንነት ይለያይ እንጂ እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን በጋራ ይይዛሉ። አንደኛ፣ ዘፈኑ ባለቤት ሊኖረው ይገባል፤ ስም የሌለው ዘፈን አይሸለምም። ሁለተኛ፣ የወጣበት ቀን ሊታወቅ ይገባል፤ ቀን የሌለው ዘፈን የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ ቋሚ ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ በተዘፈነ ቁጥር የሚለዋወጥ ዘፈን ሁለት ዳኞች እኩል ሊሰሙት አይችሉም። ሦስቱም ለሥራ የሚያመቹ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ምቾቱ ሳይታወቅ ወደ ጥራት መለኪያነት ሲለወጥ ነው።

3. «ነፃ» የሚባለው ዘፈን

ወጣት ተማሪዎቻችን አሁን አሁን «ኢንዲ» የሚል ቃል ያዘወትራሉ። ቃሉ የመጣው ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ ከሚታተም ሙዚቃ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ የራሱ የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ መውጣት የጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ አገር ግን ነገሩ ቀድሞ የመጣ ይመስለኛል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በብቸኝነት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። እሱ ያንን ክልከላ ተዳፍሮ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናሞግሰው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከፊሉ የዚህ ድፍረት ውጤት ነው።

በቅርቡም ግጥሙን ጽፎ፣ ዜማውን ደርሶና ራሱ አቀናብሮ የሚያቀርብ ድምፃዊ ተበራክቷል። የሮፍናን «ነፀብራቅ» (2010 ዓ.ም.) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የካሴት ገበያ ከፈረሰ ወዲህ ከአሳታሚ ነፃ መሆን ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ለብዙዎች ግዴታ ሆኗል ማለትም ይቻላል።

ይሁንና ይህ ነፃነት ከአሳታሚ ነፃ መሆን ብቻ ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱንም አይነካም። «ኢንዲ» የሚባለው ድምፃዊ ስም፣ ቀንና ቅጂ አለው፤ እንዲያውም ስሙ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። እንግዲህ ነፃነትን እስከ መጨረሻው ድረስ ብንገፋው ወዴት ያደርሰናል? በእኔ ግምት ወደ ሰሊጥ ማሳ ያደርሰናል።

4. የሰሊጥ ዓመት

ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚገኙበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች የሆነ ሞቃት ሜዳ ነው። የአካባቢው ኑሮ በሰሊጥና በጥጥ ላይ የቆመ ነው። ሰሊጥ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፤ ከመስከረም አንሥቶ ይታጨዳል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም አቅጣጫ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ከእነዚህም ሌላ ኑሯቸውን በመተማና በሑመራ መካከል ያደረጉ፣ ቆላውን የለመዱ «ሳሉግ» የሚባሉ ሠራተኞች አሉ።

በዚህ የቀን መቁጠሪያ ላይ የሬዲዮውን ዓመት ብናስቀምጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በከተማ የዓመቱ ዘፈን በጳጉሜና በመስከረም ሲቆጠር፣ የመተማ ሰው በአረምና በአጨዳ መካከል ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜም፣ ብዙ ጊዜም ኔትወርክ የለውም። የሱ የዘፈን ዓመት የሚዘጋው ሰሊጡ ተራግፎ፣ ሒሳቡ ተሠርቶ፣ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። በዚያን ጊዜ ከጎጃም የመጣው ከወሎ የሰማውን፣ ከወሎ የመጣው ከጎንደር የሰማውን ይዞ ይመለሳል። በገበያ ቀን ስልኩን ለዘፈን ጫኚ ሰጥቶ ሚሞሪውን የሚያስሞላውም በመመለሻው ላይ ነው። በሚሞሪው ላይ የዘንድሮውና የዛሬ ሃያ ዓመቱ፣ የከተማውና የአዝማሪው ተደባልቀው ይጫናሉ፤ ቀን የሚለያቸው የለም።

የአጨዳ ዘፈን ራሱ ከሥራው ጠባይ የተቀዳ ነው። ሰሊጥ ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ቋቱ ይከፈታል። ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከረገፈ በኋላ የሚለቅመው የለም። ስለዚህ አጫጁ ከጊዜ ጋር ነው የሚታገለው። አውራጁ ግጥሙን ሲያወጣ ተቀባዮቹ በአንድነት ይመልሳሉ፤ የማጭዱ ምት ስንኙን፣ ስንኙም ማጭዱን ይጎትታል። የታጨደው እየታሰረ «ሂላ» በሚባለው ክምር ቆሞ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ነዶው ተገልብጦ ይራገፋል። ዘፈኑም ከደረጃ ደረጃ ይለወጣል፤ የአጨዳው ፈጣን ሲሆን የማራገፉ የተረጋጋ ነው።

5. «ረገፈ» የሚለው ግሥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሂስ ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ የዓመቱ ምርጥ ነው የሚለውን አንድ ዘፈን ይዞ ይምጣና በግጥሙ ይሟገት። አብዛኞቹ በዩቲዩብ የታወቁትን አመጡ። ከቆላው የመጣ አንድ ተማሪ ግን የድምፃዊ ስም የሌለው፣ በአጨዳ ላይ በስልክ የተቀዳ፣ ነፋስና ሳል የገባበት ቅጂ አሰማን። ክፍሉ ተከፈለ። ገሚሱ «ይህ ሥነ ቃል ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» አለ። ገሚሱ ደግሞ ዝም አለ፤ ስለ ግጥሙ የሚለው አልነበረውምና።

በበኩሌ የያዝኩት ግጥሙን ነው። ግጥሙ የተሠራው «ረገፈ» በሚለው አንድ ግሥ ዙሪያ ነበር። ይህ ግሥ በከተማ የፍቅር ዘፈን ውስጥ እንግዳ አይደለም። አበባ ይረግፋል፣ ቅጠል ይረግፋል፣ ወጣትነት ይረግፋል። በዚህ አገባቡ ቃሉ ደብዝዟል፤ ሰሚው አበባውን ሳያይ ምሳሌውን ይቀበላል። በአጫጁ አፍ ሲገባ ግን ቃሉ ሙሉ ክብደቱን መልሶ ያገኛል። ሰሙ ቀላል ነው፤ ሰሊጡ ሳይረግፍ እንድረስ የሚል ነው። ወርቁ ግን ሰው ነው። በአማርኛ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ «ረገፈ» እንላለን። ሠራተኛው ሌሊት የሚያድረው ከዛፍ ሥር ወይም በዳስ ነው፤ ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም በመተማና በሑመራ ቆላ በተለይ ከደጋ የሚወርደውን ሰው ያጠቃል። ስለዚህ ፍሬው ከመርገፉ በፊት ለመድረስ የሚጣደፈው ሰው፣ ራሱ ከመርገፉ በፊት አገሩ ለመድረስ የሚጣደፍ ነው።

ከዚህ ላይ የግሡ ሌላ እርባታ ይጨመርበታል። ሰሊጥ በራሱ ሲረግፍ ጥፋት ነው፤ ሰው ሲያራግፈው ግን ምርት ነው። ጭነትን ማራገፍ አለ፤ ዕዳን ማራገፍም አለ። አብዛኛው ሠራተኛ ቆላ የሚወርደው ዕዳ ለመክፈል ወይም ጎጆ መውጫ ለማግኘት ነውና፣ «አራገፍኩ» ሲል ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል። በአንድ ሥር ላይ ሞት፣ ምርትና ከዕዳ መላቀቅ ተሸምነዋል ማለት ነው። አውራጁ ይህን ለማድረግ ቃላት አላመሳጠረም፤ ማሳው ላይ ያለውን ቃል ማሳው ላይ ባለው ትርጉም ተጠቀመ እንጂ። የቅኔ መምህራን ኅብረ ቃል የሚሉት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የማሳ ዘፈን ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም። ተማሪው ካሰማን ቅጂ ውስጥ እንኳ ገሚሱ ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ዝርው አዝማች ነበር። ስለ ቆንጆ ዓይንና ስለ ረጅም ፀጉር የሚሉት ስንኞች ከየትም ሊመጡ የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ብዬ መለየት የምችለው ዘፈኑን ስመዝነው ነው። ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ሥነ ቃልን እንሰበስባለን፣ እንመድባለን፣ አውዱን እንገልጻለን፤ አንመዝንም። ዘመናዊ ዘፈንን ደግሞ እናዳምጣለን፣ እንወዳለን፣ እንሸልማለን፤ እሱንም አንመዝንም። ሁለቱም ከሂስ ውጪ ቀሩ። «ይህ ሥነ ቃል ነው» ያለው የክፍሉ ገሚስ ዘፈኑን ያከበረ መስሎት ከውድድሩ አስወጣው።

ከዚህ በተለየ መንገድ የሄዱ ምሁራን ግን አሉን። ፈቃደ አዘዘ በሰሜን ሸዋ የሰበሰባቸውን የድርቅና የረሃብ ቃል ግጥሞች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሲያቀርብ፣ የገበሬውን ስንኝ እንደ አሳቢ ሰው ንግግር አድምጦታል። ጌቴ ገላዬም በጎጃም ገበሬዎች ግጥም ላይ ባደረገው ጥናት ስንኞቹ መንግሥትንና የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን እንዴት እንደሞገቱ አሳይቷል። እነዚህ ሥራዎች በር ከፍተዋል። የቀረን በዚያ በር ገብተን «ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል? ለምን?» ብለን መጠየቅ ነው።

6. ድንበር የሚሻገር ዓመት

መተማ ለዝርዝር አዘጋጅ ሌላም ፈተና አላት፤ ድንበር ናት። ከማዶ ጋላባት አለ። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው እንደኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኦምዱርማን ሬዲዮ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያሰራጭ ቆይቷል፤ እነ ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ወርዲ በአገራችን አድማጭ ዘንድ ከሱዳን ባልተናነሰ የተወደዱ ናቸው። የኛ ዘፋኞችም በካርቱም ብዙ አድማጭ ነበራቸው።

ይህ መሻገር ሁልጊዜ በሰላም የተደረገ አይደለም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚሁ በመተማ ጦርነት ሲሆን፣ የቦታው ስም በሙሾና በፉከራ ውስጥ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለ። በሱዳን በኩል ከ1989 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሙዚቀኞች ብዙ ጫና ደርሶባቸዋል፤ ኾጀሊ ዑስማን የተባለው ዘፋኝ በ1994 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገድሏል፤ ወርዲም ለዓመታት በስደት ኖሯል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ተሻግሮ መጣ።

ለዚህ ሰው የ2015 ዓ.ም. ምርጥ ዘፈን የትኛው ነው? ሻንጣ ሳይዝ ከካርቱም ለወጣ ሰው ከአርባ ዓመት በፊት የተቀዳ የወርዲ ዘፈን በዚያ ዓመት አዲስ ሆኖ ይሰማዋል። ቃሉ አልተለወጠም፤ «አገር» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ነገር ግን ተለወጠ። እንግዲህ ዘፈን የወጣበት ዓመት እንዳለ ሁሉ የተሰማበት ዓመትም አለ። የሂስ ትምህርታችን የደራሲውን ዘመንና የአንባቢውን ዘመን ለይቶ ማየትን ያስተምራል፤ ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ይህን ትምህርት የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ዝርዝር ገደብ ከሌለው ዝርዝር አይሆንም፤ ቀን የሌለውን ሁሉ ካስገባን ዓመቱ ትርጉም ያጣል። ይህ እውነት አለው። መልሴ፣ ገደቡ ይቀየር እንጂ ይጥፋ አላልኩም የሚል ነው። «በዚህ ዓመት የወጣ» በሚለው ፈንታ «በዚህ ዓመት የሠራ» ብንል ገደቡ እንዳለ ይቆያል። ለሙግትም ይጋብዛል፤ ዘፈኑ በዓመቱ ውስጥ ምን እንደሠራ መራጩ ማስረዳት ይኖርበታልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። የከተማው ድምፃዊ ኑሮው በዘፈኑ ነው፤ ሽልማት እንጀራው ነው፤ ስም የሌለውን ዘፈን ከጎኑ ማሰለፍ ድካሙን ማሳነስ አይሆንም ወይ? አይሆንም ባይ ነኝ። ጥሩ የከተማ ዘፈን ከዚህ ንጽጽር ይጠቀማል። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ»ን ሲያቀርብ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማያነበው ሰው ጭምር አደረሰ። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣቱ ብዙ ተወርቶለታል። ለእኔ ግን ከደረጃው የሚበልጠው፣ አንድ ልቦለድ በዘፈን አማካይነት ወደ ቃል ተመልሶ መግባቱ ነው። ይህን ለማየት ዘፈኑን ከተጻፈው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚነገረው ጋርም ማስተያየት ያስፈልጋል።

8. ምርጫዬና ማጠቃለያ

ዘፈንን የምመርጥባቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የደበዘዘ ቃል መልሶ ትርጉም ያገኘበት መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ዜማውና ቃሉ አንዱ ያለ ሌላው ጎድሎ መታየቱ፤ ሦስተኛ፣ ተቀባይ ማግኘቱ። ተቀባይ ስል የተመልካች ቁጥር ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ሰምቶት የራሱን ስንኝ ጨምሮ ለሌላ አሳልፎታል ወይ ማለቴ ነው። የአዝማሪ ቤት ይህን ያውቃል፤ ታዳሚው ስንኝ ካልወረወረ ምሽቱ አልደመቀም ይባላል። ቁጥር መስማትን ይለካል፤ መመለስን አይለካም።

በእነዚህ መመዘኛዎች የዚያ ዓመት ምርጫዬ ተማሪው ያመጣው ስም አልባ የአጨዳ ዘፈን ነበር። ሁለተኛ ያደረግሁት አንዲት ተማሪ ያቀረበችውን የከተማ ዘፈን ነው፤ ዜማው እጅግ የሚያምር ቢሆንም ግጥሙ ከዜማው ተነጥሎ ከሌላ ዘፈን ላይ ሊለጠፍ የሚችል ነበር። ክፍሉ በዚህ አልተስማማም። አለመስማማቱን ወደድኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ድምፃዊው ማንነት መከራከር ትተው ስለ አንድ ግሥ ተከራከሩ።

ነገሩ ከክፍል ክርክር የሚያልፍበት ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ሠራተኛም ቆላ ለመውረድ ሲሰጋ ታይቷል። ሠራተኛው ካልወረደ አውራጅና ተቀባይ አይገናኙም፤ ካልተገናኙ ዘፈኑ አይተላለፍም። የከተማው ዘፈን ባይመረጥ ቅጂው አለ፤ ነገ ሌላ ትውልድ ሊያገኘው ይችላል። የማሳው ዘፈን ግን አንድ ወቅት ከተዘለለ የሚጠብቀው ማከማቻ የለውም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየዓመቱ ኅዳር፣ ሠራተኛው ከቆላ ሲመለስ፣ ተማሪዎች በየአገራቸው የሰሙትን ዘፈን ቀድተው ያምጡ፤ የተቀዳበት ቀንና ቦታ፣ ፈቃዱ ከሆነም የአውራጁ ስም ይመዝገብ። ከከተማው ዘፈን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ በአንድ መመዘኛ ይመርመር፤ ምርጫውም ከነምክንያቱ በዚህ መጽሔት ይታተም። ወጪው ትንሽ ነው፤ መቅጃው በየተማሪው ኪስ አለ። መመዘኛዎቼን የማይቀበል የሥራ ባልደረባ ቢኖር የራሱን መመዘኛና የራሱን ዘፈን ይዞ በሚቀጥለው እትም እንዲሟገተኝ እጋብዛለሁ።